ውሃ ውሃ የማይል ሰላጣ፦ ለጀማሪዎች

"ሰላጣ ምን ያቅታል? ከታትፎ መደባለቅ ነው" ይባላል። እውነት ነው፣ ከታትፎ መደባለቅ ነው። ግን ያው ቲማቲም፣ ያው ሽንኩርት፣ ያው ሎሚ ሆኖ የአንዱ ሰላጣ እጅ ያስቆረጥማል፤ የሌላው ደግሞ ሳህኑ ሥር ውሃ አቁሮ ይተርፋል። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ቅመም አይደለም። ውሃ ነው።

አትክልት በአብዛኛው ውሃ ነው። ኪያርና የሰላጣ ቅጠል 95 በመቶ ገደማ ውሃ ናቸው፤ ቲማቲምም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስትቆርጡትና ጨው ሲነካው ያ ውሃ መውጣቱ አይቀርም። ሲታጠብ ላዩ ላይ የቀረ ውሃም አለ። ሁለቱ ተደምረው የለፋችሁበትን ሎሚና ዘይት ያቀጥኑታል። ስለዚህ ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው፦ ውሃው የት አለ፣ መቼ ይወጣል፣ ምን እናድርገው።

ዕቃ

ብዙ አያስፈልግም። የተሳለ ቢላ፣ መክተፊያ፣ ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን፣ ወንፊት፣ ንጹህ ፎጣ፣ ክዳኑ ጥብቅ የሚል ትንሽ ጠርሙስ። ሳህኑ ይበቃል ካላችሁት መጠን አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ይሁን። ጠባብ ሳህን ውስጥ ሰላጣ አይደባለቅም፤ ወይ ይፈሳል ወይ ይጨፈለቃል።

ቢላው ላይ ግን አልደራደርም። ዱልዱም ቢላ ቲማቲም አይቆርጥም፣ ይጨምቃል። የተጨመቀ ቲማቲም ደግሞ ውሃውን መክተፊያው ላይ ለቆት ይመጣል። ጣት ላይ አደጋ የሚያመጣውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ አልቆርጥ ሲል በኃይል ትጫኑታላችሁ፣ ያን ጊዜ ይንሸራተታል። መክተፊያው እንዳይንቀሳቀስ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ። አትክልቱን የያዘውን እጃችሁን ጣቶች ወደ ውስጥ እጠፉ፤ ቢላው የጣታችሁን መገጣጠሚያ ተደግፎ ይውረድ።

ጥሬ ሥጋ ወይም ዶሮ የተከተፈበት መክተፊያ በሳሙና በደንብ ሳይታጠብ ሰላጣ አይከተፍበትም። ሥጋው ላይ ያለውን ጀርም እሳት ይገድለዋል። ሰላጣ ግን እሳት አያየውም።

ቅጠሉን ማጠብና ማድረቅ

1. የሰላጣውን ቅጠል ከሥሩ አንድ በአንድ ለያዩ። የጠቆረውንና የላቆጠውን ጣሉ።
2. ሰፊ ዕቃ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሙሉ። ቅጠሉን ንከሩና በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ አመላልሱት። ከዚያ አሸዋው እንዲዘቅጥ ጥቂት ደቂቃ ተዉት።
3. ቅጠሉን ከላይ በእጃችሁ እያነሳችሁ አውጡ። ውሃውን ከነቅጠሉ ወንፊት ላይ አትገልብጡ፤ የዘቀጠው አሸዋ ተመልሶ ቅጠሉ ላይ ይፈሳል።
4. ውሃውን ድፉ፣ ዕቃውን አለቅልቁ፣ ድገሙ። የዕቃው ሥር አሸዋ እስኪያጣ ድረስ።
5. ቅጠሉን አራግፉ፣ ፎጣ ላይ ዘርጉ፣ ጠቅልሉና ቀስ አድርጋችሁ ጫን ጫን በሉት።

ብዙ ሰው የሚቸኩለው አምስተኛው ላይ ነው። ዘይትና ውሃ አይስማሙም። ቅጠሉ እርጥብ ከሆነ ዘይት ያለበት ማጣፈጫ አይይዘውም፤ ተንሸራቶ ሳህኑ ሥር ይጠራቀማል። ከላይ ያለው ቅጠል ምንም አይልም፣ ከታች ያለው ደግሞ ተነክሮ ይቀራል። መድረቁን ለማወቅ አንድ ቅጠል አንሱና ወፍራሙን ነጭ ክፍል በጣታችሁ ዳብሱት። ጠብታ የሚደበቀው እዚያ ነው። ጣታችሁ ከረጠበ ፎጣ ቀይራችሁ ድገሙ።

ታጥቦ የደረቀ ቅጠል በሶፍት ወይም በንጹህ ፎጣ ተጠቅልሎ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ከተቀመጠ ለቀናት ሳይጠወልግ ይቆያል። ስለዚህ ማጠቡን አስቀድማችሁ መጨረስ ትችላላችሁ። የጠወለገ ግን ያልተበላሸ ቅጠል እጃችሁ ላይ ካለ ደግሞ በረዶ በተጨመረበት ውሃ 15–30 ደቂቃ ንከሩት። ያጣውን ውሃ መልሶ ይጠጣና ቀጥ ይላል። ውሃ ለሰላጣ ወዳጅ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

አትክልቱ እንደየአመሉ

ቲማቲም ሲከትፉ ፍሬውን ጠርጎ መጣል የተለመደ ነው፤ ውሃ እንዳይበዛ ተብሎ። እኔ አልጥለውም። ፍሬውን ያቀፈው ጭማቂ ከቲማቲሙ ሁሉ ጣዕም የበዛበት ክፍል ነው። ይልቅ ከትፋችሁ ወንፊት ላይ አድርጉት፣ ከሥሩ ሳህን አስቀምጡ፣ ላዩ ላይ ትንሽ ጨው ነስንሱና 15 ደቂቃ ተዉት። ጨው ውሃ ስለሚስብ ጭማቂው ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። ቲማቲሙ ጠንከር ይላል፣ ጣዕሙም ይጎላል። የወረደውን ጭማቂ አትድፉት። አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማጣፈጫው ውስጥ ጨምሩት፤ ጨው እንዳለበት ግን አትርሱ።

ኪያር ከመክተፋችሁ በፊት በግንዱ በኩል ካለው ጫፍ ትንሽ ቆርጣችሁ ቅመሱ። የሚመር ከሆነ ምሬቱ የሚበዛው እዚያና ልጣጩ ላይ ነው። ወፍራምና ፍሬው የጎላ ኪያር ከሆነ ለሁለት ሰንጥቃችሁ መሃሉን በሻይ ማንኪያ ጥረጉ፤ የኪያር ፍሬ እንደ ቲማቲሙ የሚያሳሳ ነገር የለውም። እሱንም እንደ ቲማቲሙ ጨው ነስንሳችሁ ውሃውን አስወርዱ፣ ከዚያ በሶፍት አድርቁ።

ሽንኩርት ጥሬውን ኃይለኛ ነው። ሲቆረጥ የሚፈጠሩት ድኝ ያለባቸው ውህዶች ናቸው ዓይን የሚያስለቅሱትና አፍ የሚያቃጥሉት። በጣም በስሱ ክተፉና ለ10 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ አጥልላችሁ ጭመቁት። ቀይ ሽንኩርት ከሆነ ግን ከውሃው ይልቅ የሎሚ ጭማቂና ቁንጥር ጨው እመርጣለሁ። ኃይሉም ይበርዳል፣ ቀለሙም ወደ ደማቅ ሮዝ ይለወጣል። ሳህኑ ላይ ያምራል።

ቃሪያ የሚያቃጥለው በፍሬው ነው ይባላል እንጂ ዋናው ፍሬውን የያዘው ነጭ ሥጋው ነው። ለዘብ እንዲል ከፈለጋችሁ እሱን ፍቃችሁ አውጡ። ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ ዓይናችሁን እንዳትነኩ።

ካሮት ይፈቀፈቃል፣ አለቀ። ዘይት አይነፈገው፤ በካሮት ውስጥ ያለውን ካሮቲን ሰውነታችን በደንብ የሚወስደው ከቅባት ጋር ሲበላ ነው። አቮካዶ ደግሞ ሁሌም መጨረሻ ላይ ነው የሚቆረጠው። አየር ሲነካው ይጠቁራል፤ ሎሚ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ማጣፈጫው

ድሬሲንግ የሚባለው ነገር ሦስት ነገር ነው፦ የሚኮመጥጥ፣ ቅባት እና ጨው። የቆየው ልክ ለ1 እጅ ኮምጣጣ 3 እጅ ዘይት ነው። ኮምጠጥ ያለ የምትወዱ 1 ለ 2 አድርጉት፤ ማንም አይከሳችሁም። ለአራት ሰው የሚሆን፦

- 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ
- ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተዘጋጀ ሰናፍጭ
- 3 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ወይም ሌላ ጣዕሙ የማይከብድ ዘይት
- ቁንዶ በርበሬ እንደፈለጋችሁ

ቅደም ተከተሉን አትለውጡት። ጨው በዘይት ውስጥ አይሟሟም። ዘይቱን መጀመሪያ ካደረጋችሁ ጨው እንደ ደቃቅ ጠጠር ይቀመጥና አንዱ ጉርሻ ጨው አልባ፣ ሌላው ጨው ብቻ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ሎሚውንና ጨውን ጠርሙሱ ውስጥ አድርጋችሁ ጨው እስኪጠፋ አወዛውዙ። ከዚያ ሰናፍጩ፣ ቁንዶ በርበሬው፣ በመጨረሻ ዘይቱ።

አሁን ጠርሙሱን እዩት። ሎሚው ከታች፣ ዘይቱ ከላይ፣ በመሃላቸው ጥርት ያለ መስመር። ክዳኑን ግጠሙና ለ20 ሰከንድ ያህል በኃይል ነቅንቁት። መስመሩ ይጠፋል፤ ፈሳሹ ደፍርሶ ወፈር ይላል። ያ ማለት ዘይቱ በጣም ደቃቅ ጠብታ ሆኖ ተበትኗል ማለት ነው። ሰናፍጩ የገባው ለጣዕሙ ብቻ አይደለም፤ ጠብታዎቹ ቶሎ ተመልሰው እንዳይገናኙ ይይዛቸዋል። ያለ ሰናፍጭም ይሠራል፣ ግን ቶሎ ስለሚለያይ ልታፈሱት ስትሉ እንደገና ነቅንቁት።

ስትቀምሱ በማንኪያ ብቻውን አትቅመሱት፤ ሁሌም ይበዛባችኋል። አንድ የሰላጣ ቅጠል ነክራችሁ ብሉ። ልክ ነው የሚባለው ከቅጠሉ ጋር ነው። በጣም ከኮመጠጠ ዘይት ጨምሩ፣ ወይም የሻይ ማንኪያ ጫፍ ማር። ጣዕም የለሽ ከሆነ ሎሚ ከመጨመራችሁ በፊት ቁንጥር ጨው ሞክሩ። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው እሱ ነው።

ነጭ ሽንኩርት የምትወዱ አንድ ፍሬ አድቅቃችሁ ዘይቱ ከመግባቱ በፊት ሎሚው ውስጥ 10 ደቂቃ አቆዩት። ጥሬ ጥሬ ማለቱን ይተዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት የገባበትን ዘይት ከፍሪጅ ውጭ አታሳድሩ። አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል፤ ሽታውም ጣዕሙም ላያስታውቅ ይችላል። ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ከ4 ቀን አይለፍ።

ክሬም ክሬም የሚል ለምትፈልጉ፦ 4 የሾርባ ማንኪያ ወፈር ያለ እርጎ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨው። አማስሉ፣ ጨረሳችሁ።

የመጀመሪያው ሰላጣችሁ

ለአራት ሰው አንድ ራስ የሰላጣ ቅጠል፣ ሁለት ቲማቲም፣ አንድ ኪያር፣ ግማሽ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ካሮት፣ ካሻችሁ አንድ ቃሪያ።

1. መጀመሪያ ቅጠሉን አጥባችሁ ፎጣ ውስጥ ጠቅልሉ።
2. ቲማቲሙንና ኪያሩን ከትፋችሁ ጨው ነስንሱና ወንፊት ላይ ተዉ።
3. ሽንኩርቱን በስሱ ከትፋችሁ ሎሚ ውስጥ አድርጉ።
4. እነሱ እስኪደርሱ ካሮቱን ፈቅፍቁ፣ ማጣፈጫውን ሥሩ።
5. ቅጠሉን በእጃችሁ ለአንድ ጉርሻ በሚሆን መጠን ቆራርሱና ሰፊው ሳህን ውስጥ አድርጉ።
6. ልትበሉ ስትሉ ብቻ የማጣፈጫውን ግማሽ ቅጠሉ ላይ አፍስሱ። በታጠበ እጅ ከሥር ወደ ላይ እያነሳችሁ ቀስ ብላችሁ አደባልቁ።
7. ሌላውን አትክልት ጨምሩ፣ አንድ ሁለቴ ገልብጡ፣ ቅመሱ። ከቀረው ማጣፈጫ የጎደለውን ያህል ብቻ ጨምሩ።

ስድስተኛው ላይ "ልትበሉ ስትሉ ብቻ" ያልኩት ለማካበድ አይደለም። ጨውና ኮምጣጣው ቅጠሉን እንደነኩ ውሃውን መሳብ ይጀምራሉ። እንግዳ ይመጣል ብላችሁ ከግማሽ ሰዓት በፊት አደባልቃችሁ ካስቀመጣችሁ እንግዳው የሚያገኘው የተልፈሰፈሰ ቅጠል ነው። ሁሉንም ለየብቻ አዘጋጅታችሁ ማቆየት ግን ይቻላል፤ መደባለቁ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። በደንብ ሲሠራ ቅጠሉ ቀለል ያለ ወዝ ይኖረዋል፤ ሳህኑን ዘንበል ስታደርጉት ግን ከሥሩ የሚፈስ ነገር አይኖርም። ከፈሰሰ ወይ ማጣፈጫው በዝቷል ወይ ቅጠሉ አልደረቀም። መፍትሄው ፈሳሹን ቀንሶ አንድ እፍኝ ደረቅ ቅጠል መጨመር ነው።

ጥቅል ጎመን፦ ቸኩሎ ለማያውቅ ሰው

ጥቅል ጎመን በተቃራኒው ነው። ቀድሞ ቢሠራ ይወዳል። ግማሽ ኪሎ የሚሆነውን የቻላችሁትን ያህል በስሱ ክተፉ። 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሳችሁ በሁለት እጃችሁ ለሁለት ደቂቃ ያህል እሹት። መጀመሪያ ይንኮሻኮሻል፣ ቀጥሎ መዳፋችሁ ይረጥባል፣ ከዚያ ክምሩ ዓይናችሁ እያየ ዝቅ ይላል። ለ20–30 ደቂቃ ተዉትና በእጃችሁ ጨምቃችሁ ውሃውን ድፉ። ከዚህ በኋላ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ሎሚ፣ ትንሽ ዘይት ወይም ማዮኔዝ። ሌላ ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ግን ቅመሱ፤ ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም።

የሚቀቀሉት

ቀይ ስር ከነልጣጩ ነው የሚቀቀለው። ቅጠሉን ስትቆርጡ ከግንዱ 2–3 ሴንቲሜትር አስቀሩ፣ ጭራውንም አትንኩ። ከተቆረጠ ቀለሙም ጣዕሙም ውሃው ውስጥ ይቀራል። እንደ ትልቅነቱ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ቢላ ሳይታገል ከገባ በስሏል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከታችሁ በጣታችሁ ስታሹት ልጣጩ ራሱ ይላቀቃል። ቀይ ስርን ለብቻው ከትፋችሁ ለብቻው አጣፍጡት፣ ከሌላው ጋር የምታገናኙት ሊቀርብ ሲል ነው። አለበለዚያ ድንቹም እንቁላሉም ሮዝ ይሆናል። (በማግስቱ ሽንታችሁ ቀላ ቢል አትደንግጡ። አንዳንድ ሰው ላይ እንደዚያ ያደርጋል፣ ጉዳት የለውም።)

ድንች በቀዝቃዛ ጨው ያለበት ውሃ ይጣድ። በፈላ ውሃ ከጀመራችሁ ውስጡ ሳይበስል ላዩ ይፈርሳል። በስሎ ትኩስ እያለ ቆራርጡና አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ አርከፍክፉበት፤ ትኩስ ድንች ጣዕም ይመጥጣል፣ የቀዘቀዘ ግን ላዩ ላይ ብቻ ይቀባል። ማዮኔዝ ከሆነ ግን ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ ሙቀት ዘይቱን ይለየዋል።

እንቁላል በፈላ ውሃ 10 ወይም 11 ደቂቃ፣ ከዚያ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ። አስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ከታየ እሳት ላይ ቆይቷል ማለት ነው፤ ይበላል፣ አያምርም እንጂ።

ፎሶሊያ በደንብ በፈላ ጨው ባለው ውሃ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ ቀጥሎ በረዶ ውሃ፣ ከዚያ ማድረቅ። ሎሚውን መጨረሻ ላይ፤ ኮምጣጣ ነገር አረንጓዴውን ያደበዝዘዋል።

ጥራጥሬ ለሰላጣ በጣም ይስማማል፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ቦሎቄ። ቀይ ቦሎቄ ላይ ግን ቆም በሉ። በጥሬው ሆድ የሚያውክ ተፈጥሯዊ መርዝ አለው፤ በደንብ ያልበሰለው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ክፉኛ ያስታውካል። ቢያንስ 5 ሰዓት ንከሩት፣ የተነከረበትን ውሃ ድፉ፣ በአዲስ ውሃ ለ30 ደቂቃ እየተንተከተከ ይፍላ፣ ከዚያ እስኪለሰልስ ይቀቀል። ሳይፈላ በለዘብታ እሳት ብቻ ማብሰል አያዋጣም፤ መርዙን አያጠፋውም። የታሸገው ቀድሞ የበሰለ ስለሆነ አጥልላችሁ ማለቅለቅ ብቻ ነው።

የተረፈውና የሚቋጠረው

የተዘጋጀ ሰላጣ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ 1 ሰዓት ነው። በተለይ እንቁላል፣ ቱና፣ ማዮኔዝ ወይም የተቀቀለ ነገር ካለበት። ፍሪጁም 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይሁን። ማጣፈጫ የነካው ቅጠል አያድርም። የጥቅል ጎመን፣ የቀይ ስርና የቦሎቄ ሰላጣ ግን ክዳን ባለው ዕቃ 3 ቀን ይቆያሉ፤ እንዲያውም በሁለተኛው ቀን ይሻላሉ።

ለምሳ ቋጥራችሁ የምትሄዱ ከሆነ ረጅም ሰፊ አፍ ያለው ጠርሙስ ውሰዱ። ማጣፈጫው ከሥር። ቀጥሎ ፈሳሽ የማይፈራው፦ ካሮት፣ ሽንኩርት፣ ሽምብራ። ከዚያ ውሃው የወረደለት ኪያርና ቲማቲም። ቅጠሉ ደርቆ ከሁሉም በላይ፣ ሳይታጨቅ። ጠርሙሱን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። ሰዓቱ ሲደርስ ሳህን ላይ ገልብጡት፤ ከሥር የነበረው ማጣፈጫ ከላይ ወደ ታች ራሱ ይወርዳል።